ቀማሽ ያጣ ፎርማጆ፤ በፍልሰታ ወደ ቡሬ

ከጎጃም መመለሴን የሰማ የሳሪስ ጎረቤት ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ማር አመጣህ?" አላመጣሁም። ይዤ የመጣሁት አንድ ክብ ፎርማጆ፣ የፈረንጅ አይብ ነው። በእሱ የተደሰተ ጎረቤት ስለሌለ፣ ቢያንስ ታሪኩን ልጻፍላቸው ብዬ ተቀመጥኩ። አብዛኞቹ ቡሬን በካርታ እንጂ በእግራቸው አያዩአትም፤ በነሐሴ ጭቃማ ባያዩአት ይሻላቸዋል።

እኔ የወተት ሥራ መምህር ነኝ። ወተት ለምን እንደሚረጋና በስንት ዲግሪ እንደሚረጋ ሳስተምር ፀጉሬ አልቋል። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ በተሰጠ ሥልጠና ላይ የሺ የምትባል የቡሬ ገበሬ ከኋላ ወንበር ተነሥታ፣ "መምህር፣ ጾም ሲገባ ወተቱን ምን እናድርገው?" አለችኝ። "ፎርማጆ ነዋ! መጥቼ አሳይሻለሁ" አልኩ። ሰው ሥልጠና ላይ ስንት ነገር ይላል። የሺ ግን የሰማችውን የምትረሳ ሴት አልነበረችም፤ ፍልሰታ በገባ በማግሥቱ ደወለች።

"ወለላን ሊሸጧት ነው መምህር" አለች። ወለላ ላሟ ናት፤ የፈረንጅ ዲቃላ፣ ወተተ ብዙ። በፍስክ የቡሬ ካፌዎች ወተቷን ይሻሙበታል። ጾም ሲገባ ግን ካፌው ያቆማል፣ ወለላ አታቆምም። "ቅቤውን አውጥታችሁ አትሸጡም?" ብላት፣ የፈረንጅ ላም ወተት ቅቤው ስስ ስለሆነ ክንድ ከመጨረስ በቀር ትርፍ የለውም አለችኝ። ባሏ ወተት በየቀኑ ለውሻ ሲደፋ ማየት ስላንገሸገሻቸው፣ በመጪው ሐሙስ ገበያ ላሚቱን ሸጠው በሬ ሊገዙ ቆርጠዋል። እስከ ሐሙስ ለጾሙ ወተት መውጫ ካልተገኘለት ወለላ ሄደች ማለት ነው። አፌ ያመጣብኝን እግሬ ይወጣው ብዬ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

እሑድ

ሻንጣው ውስጥ ቴርሞሜትር፣ ትንሽ የባትሪ ሚዛን፣ ነጭ ጋውንና ማጥለያ ሻሽ ነበሩ። ዋናው ነገር ግን ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን ውስጥ የነበረው፣ ከውጭ አገር የመጣው የማርጊያ ዱቄት ነው። አንዲት ቁንጣሪ ሃምሳ ሊትር ወተት ታረጋለች። የአውቶቡሱ ረዳት ሣጥኑን ጣሪያ ላይ ልጫነው ሲለኝ እምቢ ብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ የነበሩ ጋቢ የለበሱ ሰውዬ ሣጥኑን ለረጅም መንገድ ሲያዩት ቆይተው፣

"ክትባት ነው?" አሉኝ።

ማስረዳት ታከተኝና "እንደዚያ ይበሉት" አልኩ።

"የውሻም አለው?"

"አይጠፋም።"

ይህን ማለት አልነበረብኝም።

ዐባይ በረሃን በጉም ውስጥ ወርደን በጉም ውስጥ ወጣነው። ስለ ዕይታው የምጽፈው የለኝም፤ ያየሁት የሾፌሩን ማጅራት ብቻ ነው። ደብረ ማርቆስ ለምሳ ቆምን። ሳሪስ ውስጥ በየዓይነቱ ማለት ሦስት ዓይነት ነው፤ እዚህ ዘጠኝ ቆጥሬ አሥረኛው የሱፍ ፍትፍት መጣ። ደምበጫ ላይ አንዲት ሴት በመስኮት የተቀቀለ ድንች ሸጠችልኝና አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ጨው መርሳቷ ትዝ ብሏት፣ በወረቀት የተቋጠረ ጨው ይዛ እየሮጠች አቀበለችኝ። አዲስ አበባ ጨው ለማቀበል የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

ፍኖተ ሰላም የገባነው ሳይመሽ ነው። ሆቴሉ ንጹሕ ነበር፤ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ቀዝቃዛ፣ የቀዝቃዛው ደግሞ ምንም አይሰጥም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ በቤቴ የምጾመው ባለቤቴ ስታየኝ ነው። ስለዚህ ሳላስበው ማኪያቶ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ጠጋ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማብኝ በሹክሹክታ፣ "ጋሼ፣ ፍልሰታ እኮ ነው" አለችኝ።

"ውይ! ጥቁር ማለቴ ነው።"

"እኔም ጥቁር ነው የሰማሁት" አለች፤ ገመናዬን ሸፈነችልኝ።

ሰኞ

በሚኒባስ ቡሬ ገብቼ፣ በባጃጅ እስከ ኮረኮንቹ መጨረሻ ሄጄ፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆነ። የሺ የባሏን የፕላስቲክ ቦት ጫማ ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። "ይህን ያድርጉ መምህር፣ ያዳልጣል" ስትለኝ ጫማዬን አሳይቼ፣ ሶሉ የተራራ መውጫ እንደሆነ ገለጽኩላት። ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ወደቅሁ። የሺ ዘላ ሣጥኑን ቀለበችው፤ እኔን ለጭቃው ተወችኝ።

"ይቅር ይበሉኝ፤ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ" አለች።

ሻንጣው ውስጥ ቴርሞሜትሬ ለሁለት ተሰብሯል። የቀረውን መንገድ በቦቱ ሄድኩ።

ግቢው በር ላይ አንድ ሰው ሁለት ውሾች በገመድ ይዞ ቆሟል። ለካ የአውቶቡሱ ሰውዬ የዚያው ቀበሌ ሰው ኖረው፣ "የውሻ ሐኪም እየመጣ ነው" ብለው በስልክ አስቀድመው አውርተዋል። ውሾቹ የመጡት ታጥበው ነበር። ነገሩን እስካስረዳ ድረስ የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዞራ ቆመች።

ባለቤቷ አያ ጥሩነህ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። እግሬን ሊያጥቡኝ ውሃ ይዘው ሲጎነበሱ በእፍረት ቀልቤ ተገፈፈ፤ ሳሪስ እንግዳ ሲመጣ ስሊፐር ነው የምንወረውርለት። ከዚያ በረት ወስደው ወለላን አሳዩኝ። ጥቁርና ነጭ፣ ሆደ ሰፊ፣ ዓይነ ትልቅ ላም ናት። እጄን ላሰችኝ።

"አልጠላኋትም መምህር" አሉ አያ ጥሩነህ። "ወተት ሲደፋ ማየት ግን ኃጢአት ሁኖ ይሰማኛል። ኸዚህ ሁሉ በሬ ገዝቸ ማረስ ይሻለኛል። እስከ ሐሙስ መላ ካመጡ እሰየው፤ ካላመጡ አይፍረዱብኝ።"

የሺ የላሟን አንገት አሻሸች። ያኔ ነው የመጣሁበት ነገር ቀልድ አለመሆኑ የገባኝ።

በዚያ ቤት በፍልሰታ እህል የሚቀመሰው ቅዳሴ ወጥቶ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው፤ ልጆቹም ሳይቀሩ። "እርስዎ መንገደኛ ነዎት፣ ይብሉ" ቢሉኝ "ኧረ በጭራሽ፣ እኔም እስከ ዘጠኝ ነኝ" አልኩ። ከዚያ በኋላ ሰዓቴን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልናገርም።

ማክሰኞ

የአራት ቤት ወተት ተሰበሰበ። የሺና ሦስት ጎረቤቶቿ ከበቡኝ፤ እኔም ጋውኔን ለብሼ ስለ ሠላሳ አምስት ዲግሪ ማስተማር ጀመርኩ። ዲግሪውን የሚለካው ግን ተሰብሯል።

"ጣቴ አለ" አለች የሺ። ትንሿን ጣቷን ወተቱ ውስጥ ነክራ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አለች። ሳትጨርስ ካቃጠላት ሞቋል፤ ሁለተኛ ለመጀመር ካስመኛት ቀዝቅዟል፤ አንዴ ብላ ስትጨርስ ጣቷ ወተት ውስጥ መሆኑን ከረሳችው ልክ ነው። በልቤ ሳቅሁ። ዱቄቱን ጨምሬ ከጠበቅን በኋላ ግን ወተቱ እንደ ጥሩ ገንፎ ቀጥ ብሎ ረጋ፤ ቢላዋ ሲገባበት ጥርት ብሎ ተቆረጠ። ከኮሌጁ ማሽን ይኸን የመሰለ ያገኘሁት ከስንት አንዴ ነው።

ጨውን በሚዛን በግራም መዝኜ፣ በወረቀት ጠቅልዬ ቀኝ እጄ ላይ ያዝኩ። የሥራ ልማድ ክፉ ነው፤ ግራ እጄ ለካ አንድ ፍርፋሪ አንሥቶ ወደ አፌ እየሄደ ነው። አራቱ ሴቶች ጸጥ አሉ። እጄ አገጬ ሥር ሲደርስ ነው ጸጥታውን የሰማሁት። ፍርፋሪውን ድስቱ ውስጥ ጥዬ፣ ሁለቱንም እጆቼን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ፣ "ሽታውን ላጣራ ብዬ ነው" አልኩ። የሺ አንድ ነገር ልትል ከንፈሯን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። የታዘበችኝ መሰለኝ። ቶሎ ብዬ የረጋውን በሻሽ ጠቅልዬ የወፍጮ መጅ ጫንኩበት፤ ስለ ሌላ ነገርም አወራሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የድንች ወጥ እየበላን የሺ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

"ይኸ ዱቄት ኸምን ይሠራል መምህር?"

የምወደው ጥያቄ ነው። "ከጥጃ ጨጓራ!" አልኩ በኩራት።

ጉርሻዎች በያሉበት ቆሙ።

"ማን ያረደው ጥጃ?"

"ፈረንጅ ነዋ።"

"ፈረንጁስ ማተብ አለው?"

ፓኬቱን አመጣሁ፤ አገሩ እንጂ የአራጁ ሃይማኖት አልተጻፈበትም። "አንዲት ቁንጣሪ እኮ ናት" ብል፣ አያ ጥሩነህ "መርዝስ በአቁማዳ ነው እንዴ?" አሉ። እኔም ለመከራከር አቅም አጥቼ፣ እናንተ ባትበሉትም የሚገዛው ሌላ ነው አልኳቸው። የታሰበው ገዥ ሐጂ እንድሪስ ነበሩ፤ ቡሬ ላይ ሱቅና ቁርስ ቤት አላቸው፣ ደንበኞቻቸው ጾመኛ ስላልሆኑ በፍልሰታም ፉል ከነቅቤው ያቀርባሉ።

ረቡዕ

ፎርማጆውን በሻሽ ጠቅልለን የሺና እኔ ቡሬ ወረድን። ሐጂ እንድሪስ ነጭ ጢማቸው በአግባቡ የተከረከመ፣ ሳቂታ ሽማግሌ ናቸው። ፎርማጆውን አገላበጡ፣ አሸተቱ፣ ቢላ አስመጥተው አንድ ቁራጭ ቆረጡ። አፋቸው ጋ ደርሶ እጃቸው ቆመ።

"ለመሆኑ መምህር፣ ይህን ምን አረጋው?"

ዋሽቼ መገላገል እችል ነበር። ግን መምህር ነኝ። "የጥጃ ጨጓራ" አልኩ ቀስ ብዬ።

"ጥጃው በማን ቢላ ታረደ?"

ሁለት ሃይማኖት በአንድ ዱቄት ላይ እንዲህ ሲስማማ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። "የማላውቀውን ቢላ አልበላም፤ አይቀየሙኝ" ብለው ቁራሹን በክብር መልሰው አስቀመጡት። ወደ የሺ ዞር ስል በሳቅ ፍርስ ብላ አንድ በርሜል ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን ነክሳ ትንፋሽ አጥሯታል። ሐጂም ሲያዩአት ሳቁ። እኔ ግን ተናደድኩ። ላሟ ነገ ልትሸጥ ነው፣ እሷ ትስቃለች!

ሐጂ ዘጠኝ ሰዓት ሞልቶ ምሳ ካልቀመሳችሁ ብለው አስቀሩን። የሳቸው ቤት ድስት ሥጋ የነካው ስለሆነ፣ ገና ስንመጣ አይተው ከክርስቲያን ጎረቤታቸው ቤት፣ በጎረቤቲቱ ሳሕን፣ ሽሮና ጎመን አዝዘውልን ኖሯል። "ኸኔ ደጅ እንግዳ ጾሙን ሽሮ አይወጣም" አሉ። አጠገባችን ተቀምጠው እስክንጨርስ ዝንብ አባረሩልን።

ከምሳ በኋላ ከሱቁ በር ላይ በተደረደረ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሃያ ዓመት የተማርኩትን ረገምኩ። ጆንያው ይሸታል። የሎሚ ጆንያ ነው። ለጀማሪ ተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን የማሳየው፣ ለራሴ ግን ንቄ የተውኩት አንድ አሠራር አለ፤ ወተቱን ሊፈላ ሲል የሎሚ ጭማቂ ጠብ እያደረጉ ማርጋት። ዱቄት የለ፣ ጨጓራ የለ።

ዘልዬ ተነሣሁ። "ሐጂ! ሎሚስ?"

ትንሽ አሰቡ። "ሎሚ አይታረድም" አሉ።

የፈለግነውን ያህል ሎሚ በነጠላዋ ቋጥረው ለየሺ ሰጧት፤ እኛም ዝናቡን ቀድመን ለመድረስ ተጣደፍን። ዝናቡ ቀደመን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወተቱ ተጣደ። የሎሚው ጭማቂ ሲገባ ነጩ ከአረንጓዴው ውሃ ሲለይ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም እንደ ጀማሪ ተማሪ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ጨው ነበር። ይዤው የዞርኩትን ሚዛኔን ባወጣው የቡሬ ዝናብ ገብቶበት ቁጥሩ ጠፍቷል። መቅመስም የለም። "ያለ ሚዛን ጨው አይጣልም፣ ነገሩ የላም ጉዳይ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"መምህር" አለች የሺ ረጋ ብላ፣ "የፋሲካ ዶሮ የሚሠራው መቼ ነው?"

"በዋዜማው።"

"ቀምሸው አውቃለሁ?"

ሃምሳ አምስት ቀን ጾመው፣ በአፍንጫና በዓይን ብቻ የዓመቱን ትልቅ ወጥ የሚሠሩ ሴቶች ፊት ቆሜ ስለ ግራም እሰብካለሁ። የሺ ጨዉን በእፍኟ አንሥታ በተነችው፣ አሸተተችው፣ ትንሽ ጨመረች፣ "በቃው" አለች። እኔ ግን የዚያን ዕለት እንቅልፌን በደንብ አልተኛሁም።

ሐሙስ

ወደ ገበያ የወረድነው በሰልፍ ነው። ፊት የሺ፣ ፎርማጆውን አዝላ። ቀጥሎ እኔ፣ በአያ ጥሩነህ ቦት ጫማ። ከኋላ አያ ጥሩነህ፣ ወለላን በገመድ እየሳቡ። "ኸዚያ ከተሳካ ይዣት እመለሳለሁ፤ ካልተሳካ መንገድ አልደግምም" ብለው ነው። በመንገድ የሚያገኘን ሰው ሁሉ "ልትሸጧት ነው?" ይላል፤ አያ ጥሩነህም "ሐጂ ያውቃሉ" ብለው ያልፋሉ።

ሐጂ ሱቁ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ላሚቱን አዩ፣ የሺን አዩ፣ ነገሩ ገባቸው። ቆረሱ። "ቢስሚላህ" ብለው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። አኘኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኩ። ሁለተኛ ቆረሱ። የሺ ነጠላዋን ጨብጣ ቆማለች። ሦስተኛውን ቆርሰው ሲያነሡ አያ ጥሩነህ ትዕግሥታቸው አልቆ፣

"ሐጂ! ምንም ይሁን ይንገሩን እንጅ፣ ጨረሱት እኮ!" አሉ።

"ጨዉን ማን ጣለው?" አሉ ሐጂ።

የሺ "እኔ ነኝ" አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም።

"እንግዲያውስ ሌላ ሰው እንዳይነካብሽ። ፉል ላይ ሲሆን ደግሞ ይታየኝ!" ብለው ወደ ውስጥ ተጣርተው ለሠራተኞቻቸው አስቀመሱ። ጾሙ እስኪወጣ በየቀኑ፣ ከዚያም በኋላ ረቡዕና ዓርብ፣ ያላቸውን ሁሉ እንዲያመጡላቸው ቃል አስገቧቸው።

የሺ አልሳቀችም። ሄዳ ግንባሯን በወለላ አንገት ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም ዓይኔን ጭስ የገባው አስመስዬ ጠረግሁ፤ ጭስ ግን አልነበረም። አያ ጥሩነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እኔስ መንገዱን ትወቀው ብየ ነው ያመጣኋት" አሉ።

ዓርብ

ስሸኝ የሺ ያንን የመጀመሪያውን፣ ሁለቱም ወገን ያልበላውን ፎርማጆ በንጹሕ ሻሽ ጠቅልላ ሰጠችኝ። "ለእርስዎ ቢላው ግድ ካልሰጠዎት፣ ለፍስክዎ ይሁንልዎ" አለች። ቦቱን ልመልስ ብል አያ ጥሩነህ እምቢ አሉ፤ ጭቃው ገና ሁለት ወር አለው ብለው። እስከ አዲስ አበባ በቦት ተሳፈርኩ።

ፍልሰታ የተፈታ ዕለት ጠዋት ቤተሰቤን ሰብስቤ ፎርማጆውን ከፍሪጅ አወጣሁ። ስለ ጥራት አንድ ንግግር አደረግሁ። ባለቤቴ ቀመሰችና "ሳሙና ነው?" አለች። እኔም ቀመስኩ። ጨው የሚባል ነገር አልነካውም። በግራም የመዘንኩት እኔ፣ ይኸው እጄ! ስንጣላ ቆይተን ባለቤቴ ልብስ ልታጥብ ሄደች፤ ተመልሳ የመጣችው በጋውኔ ኪስ ያገኘችውን በወረቀት የተጠቀለለ ጨው ይዛ ነው። አንዲት ቅንጣት አልጎደለም።

ሐጂ ያን ዕለት ስለ ቢላው ሳይጠይቁ ጎርሰውት ቢሆን ኖሮ ወለላ ተሸጣ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ለየሺ ደወልኩላት። ከጀርባዋ ላሚቱ እምቧ ስትል ይሰማል።

"ወረቀቷን ኪስዎ ሲከቷት አይቻለሁ" አለች እየሳቀች። "ሐጂ ሲጠይቁ ያን ያህል የሳቅሁትም እንኳን ሳይቀምሱት ቀሩ ብየ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እሳቸው ባይጠይቁስ ኖሮ?"

"ባይጠይቁ የቢላውን ነገር እኔው እጠይቅልዎ ነበር።"

"ጨዉንስ ያኔውኑ ብትነግሪኝ ምን ነበር?"

"ኧረ ምን ነካዎት መምህር! እንግዳ በሴቶች ፊት አይታረም። ጾም ሲፈታ ራሱ ይቀምሰዋል ብየ ነው ያስያዝኩዎት።"